የአሸብር ሳማ

አንድ ቀን አሸብር የነፍሰ ጡር ሚስቱን አምሮት ሊያደርስ ወደ ሠፈሩ ወንዝ ዳር ወረደ። የሰው ሚስት ብርቱካን ያምራታል፣ ቢብስ ጥሬ ሥጋ። የሺመቤትን ያማራት ግን ሳማ ነው፤ ያ የሚለበልበው ሳማ፣ ተቀቅሎ በቃሪያ! «ባዶ እጅህን ብትመጣ የልጅህ ግንባር ላይ የሳማ ቅጠል ታትሞ ይወለዳል» ብላዋለች። ምስኪን አሸብር ከልቡ ፈራ።

እጁን በፌስታል ጠቅልሎ አንድ እቅፍ ያህል ነቅሎ ቀና ሲል፣ ሁለት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ያዙትና ወደ ትልቅ ድንኳን ወሰዱት። ለካ የዚያን ቀን ወንዝ ዳሩ ተከልሎ ሊመረቅ ኖሯል። አቶ ልሳነወርቅ የሚባሉ ኃላፊ ደረታቸው ላይ የዱር አበባ ሰክተው፣ ማይክ ጨብጠው ይናገራሉ።

«ይኸው!» አሉ አሸብርን ሲያዩ ደስ ብሏቸው። «የብዝሃ ሕይወት ጠላት ማለት ይህ ነው! ያዙት፣ ማስረጃውን ተቀበሉት!»

አንዱ ጥበቃ ሳማውን በባዶ እጁ አፈፍ አደረገና «ወይኔ እናቴ!» ብሎ ለጓደኛው ወረወረለት። ጓደኛውም ጮኸና መልሶ አሸብርን አሳቀፈው።

«ጌታዬ፣ ሚስቴን አምሯት ነው» አለ አሸብር።

«ለሚስትህ አምሮት ብለህ የከተማውን ዕፅዋት ትጨርሳለህ? ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ወንዝ ዳር አንዲት ቅጠል አትነቀልም፣ አንዲት ሣር አትታጨድም! የነቀልከውን ቦታው መልሰህ ሳትተክል ንቅንቅ አትላትም!»

አሸብር አንገቱን ደፋ። ዓይኑ መሬት ላይ ሲያርፍ፣ ለክብራቸው ተብሎ ጠዋት ከዚያው ወንዝ ዳር የታጨደው ለምለም ቄጤማ ድንኳኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶታል።

«እሺ ጌታዬ፣ እመልሳለሁ» አለ። «ግን ተራ እንጠብቅ። ቄጤማው ከኔ ሳማ ቀድሞ ነው የታጨደው፤ መጀመሪያ እሱን እንመልስ። እስቲ እግርዎን ያንሱልኝ።»

አቶ ልሳነወርቅ ደንግጠው አንድ እግራቸውን አነሱ። የሚያሳርፉበት ባዶ መሬት ቢፈልጉ የለም። ሕዝቡ በሳቅ ሲፈርስ፣ አሸብር ሳማውን እንዳቀፈ ሹልክ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። እሳቸው የቀረውን ረጅም ንግግራቸውን በአንድ እግራቸው ቆመው ጨረሱት፤ የሺመቤት ግን ያን ጊዜ ሁለተኛ ሳህኗን እየጠረገች ነበር።