አስተርጓሚው ያለሰለሰው ቃል

አንድ አስተርጓሚ ነበረ፣ ላቀች። ባልሽና ዋርሳሽ በውርስ መሬት ተኳርፈው መልእክት የምታመላልሺው አንቺ ነሽ። «አባ፣ ለሰላም ብዬ ቃላቸውን ባለሰልሰው ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እንግዲህ ይህ ሰው ያደረገውን ልንገርሽ።

ሰውየው የሚኖረው ከእኛ እጅግ በራቀ ውቅያኖስ መካከል፣ በአንዲት ደሴት ላይ ነበር። በወጣትነቱ ዓሣ ነባሪ በሚያድኑ ነጮች መርከብ ላይ ተቀጥሮ ባሕሩን ዞሯል፤ ቋንቋቸውንም እዚያው ተምሯል። ወዳገሩ ተመልሶ፣ ሚስት አግብቶ፣ ጎደሬ እየተከለ ሲኖር አንድ ዓመት መድፍ የጫነ መርከብ መጣ። ነጮቹ ወርደው ባንዲራቸውን ተከሉ። ሹማቸውም ከደሴቲቱ አለቃ ጋር መነጋገር ፈለገ። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ከዚህ ሰው በቀር አልነበረም።

ሹሙ፣ «ከወንዙ እስከ ባሕሩ ያለው መሬት ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥቴ ነው በለው» አለ።

አስተርጓሚው ዙሪያውን አየ። የአገሩ ጎበዛዝት ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። የመርከቡ መድፍ አፉን ወደ መንደሩ አዙሯል፤ የራሱ ልጆች ደግሞ እዚያ መንደር ውስጥ ናቸው። ፈራ። ስለዚህ ወደ አለቃው ዞሮ፣ «ከወንዙ እስከ ባሕሩ ባለው መሬት አብረውን መቀመጥ ይፈልጋሉ» አለው።

አለቃው አዛውንት ነበር። «መሬቱ ይበቃናል፤ ይቀመጡ» አለ። «መካከሉ ላይ ያለው ኮረብታ ግን የአባቶቻችን መቃብር ነው። እሱን እንዳይነኩ ንገርልኝ።»

አስተርጓሚው ለሹሙ፣ «ተስማምቷል» ብቻ አለው።

በዚያ ቀን ደም አልፈሰሰም። ዓሣ ተጠብሶ አብረው በሉ። ሁለቱም ወገን አስተርጓሚውን አመሰገኑት፤ እሱም ደግ ሥራ እንደሠራ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

ዝናቡ ሲያልፍ ነጮቹ ኮረብታውን ማጠር ጀመሩ። የአለቃው ልጅ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የባሏን መቃብር ልታጸዳ ብትወጣ ጠባቂዎቹ ጠመንጃ ደግነው መለሷት። ወንድሟ ይህን ሰምቶ አጥሩን ሊነቅል ሄደ፤ እዚያው ተኩሰው ገደሉት። አለቃው ልጁን ከአባቶቹ ጎን መቅበር አልቻለም፤ በባሕሩ ዳር አሸዋ ላይ ቀበረው።

ከቀብሩ በቀጥታ ወደ ሹሙ ሄደ። ሕዝቡ ተከተለው፤ ወታደሮቹም ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። አስተርጓሚው ተጠራ።

«ቃልህን አፈረስክ በለው» አለ አለቃው።

«መሬቱን ሰጥቶኝ ሲያበቃ ቃሉን ያፈረሰው እሱ ነው በለው» አለ ሹሙ።

አንድ ለስላሳ ቃል አሁንም አስተርጓሚው አፍ ላይ መጥታ ነበር። ዋጣትና በሁለቱ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በነጮቹ፣ «ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ። ያን ቀን የተባለውንም ምንም ሳያስቀር ተናገረ። ሊገድሉት እንደሚችሉ ያውቅ ነበር።

ሹሙ ከኮረብታው አጥሩ እንዲነሣ አዘዘ። የቀረውን መሬት ግን አልለቀቀም፤ ባንዲራውም አልወረደም።

ጎበዛዝቱ አስተርጓሚውን ሊመቱት ሲነሡ አለቃው ከለከላቸው። «ክፉ አስበህ እንዳላደረግኸው አውቃለሁ» አለው። «እውነቱን ብትነግረኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር። ምናልባት እሞት ነበር፤ ምናልባት ሕዝቤን ይዤ ወደ ተራራው እወጣ ነበር፤ አላውቅም። አንተ ግን እምቢ የምልበትን ቀን ወሰድክብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሲጠራ የሰማውን ብቻ ያስተረጉም ነበር። ቃሉ የከፋ እንደሆነ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር ይባላል።

አየሽ፣ ላቀች። ባልሽ «ለወንድሜ ከአባቴ መሬት ቁራሽ አልሰጥም» ሲል፣ አንቺ ለዋርሳሽ «ትንሽ ታገሥ ብሎሃል» ብለሽ ከነገርሽው እንደዚያ ሰው ሆነሻል። ዋርሳሽ በሌለ ተስፋ ተቀምጦ ዓመቱ ያልፍበታል። እውነቱን ብትነግሪው ይቆጣል፤ ሽማግሌ ይሰበስብ ወይም ዳኛ ዘንድ ይሄድ ይሆናል። እሱ የራሱ ፈንታ ነው። አንቺ ስትነግሪው ረጋ በይ፣ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ሲቆጣም ጥለሽው አትሂጂ። ደግነትሽ እዚያ ላይ ይሁን። የባልሽን ቃል ግን እንደተባለ አድርሺለት።