የሳይቋጭ ሾላ

ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ ያረጀ ሾላ አለ፤ ስሙ «ሳይቋጭ» ነው። የአገሬውን ነጠላ ልብ ብላችሁ ብታዩ፣ ልጆቼ፣ ዘርፉ ሁሉ አምሮ ተቋጭቶ በአንዱ ጠርዝ ያለው ብቻ እንደተለቀቀ ነው። እንግዳ ሰው ስንፍና ይመስለዋል። ምነው ስንፍና ብቻ በሆነ!

ድሮ ነው፤ መቼ እንደሆነ እናቶቻችንም አልነገሩን። በዚያ ሾላ ሥር ስድስት ሴቶች እየተሰበሰቡ ጥጥ ይፈትሉ ነበር ይባላል። አውራቸው ብርቄ ነበረች፤ ግራኝ ናትና እንዝርቱን በግራ እጇ ታሾራለች፣ ክሯም ከሰው ሁሉ ተለይቶ ወደ ግራ የከረረ ነው። ደንብም ነበራቸው፦ ነጠላ ከሸማኔ ሲመጣ ዘርፉን ባለቤቷ አትቋጭም፤ የሚቋጩላት ባልንጀሮቿ ናቸው። ያልቋጩላት ሴት ባዳ ናት።

ታዲያ ዘርትሁን የምትባል ሙሽራ ከሩቅ አገር መጣች። መፍተል አታውቅም። ከሴቶቹ ሥር ቁጭ ብላ የአንዷን ቅጥነት፣ የሌላዋን ንጣት እያየች ስትማር ከረመችና፣ ከሁሉም እጅ ያገኘሁትን በአንድ ነጠላ ላኑረው አለች። አንድ ቀን ግራ አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች።

«ምነው፣ እንዝርት ነከሰሽ እንዴ?» ብለው ሳቁባት።

«ለአንዷ ስል ነው» አለች፣ እሷም ሳቀች።

ነጠላው ከሸማኔ ሲመጣ ሴቶቹ ተቀባብለው ዳበሱት። «ይቺ የኔ አፈታተል አይደለችም? አንቺ ሌባ!» እየተባባሉ ደስ አላቸው። ብርቄ ብቻ አገላብጣ አገላብጣ የራሷን እጅ አጣችው።

«የኔስ የት አለ?»

«እትዬ ብርቄ፣ ሲቋጭ ያዩታል።»

ብርቄ የናቀቻት መሰላት። «እስቲ ማን እንደሚቋጭልሽ አያለሁ!» ብላ ተነሣች። እሷ ስትነሣ ሌሎቹም ተነሡ፤ ማን ይደፍርና! ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ነጠላዋን አጣጥፋ ይዛ በየቀኑ ትመጣለች፤ ይፈትላሉ፣ ያወራሉ፣ ዘርፉን ግን የሚነካላት የለም። እንደሚነገረው፣ ብርቄ ሁለቴ እጇን ልትዘረጋ ብላ፣ «ትለምነኝ» እያለች በሆዷ መለሰችው።

በጥቅምት ዘርትሁንን ንዳድ ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች።

በነጠላዋ ትገነዝ ተባለ። ሳይቋጭማ እንዴት ይሆናል? ሴቶቹ ከሬሳው አጠገብ ተቀምጠው እያለቀሱ ቋጩ። የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግን ክሩ እምቢ አለ፤ ወደ ቀኝ ባከረሩት ቁጥር ይላላል፣ ይበተናል።

«የምን ክር ነው ደግሞ ይሄ?» አለች አንዷ።

ብርቄ ተቀብላ በጣቶቿ አሸት አደረገችው። ወደ ግራ የከረረ ነው። ያ በጨርቅ የተጠቀለለ አውራ ጣት ትዝ አላት። ከሌላው ክር ጋር ቢደባለቅ ስለማይስማማ፣ ልጅቱ ለብቻው በጠርዙ አኑራዋለች። ያንን ዘርፍ የሚቋጭ እጅ በአገሩ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አልታዘዝ አለ። እንዲሁ ገነዟት።

ብርቄ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች ይባላል፤ እንዝርት ግን አልጨበጠችም።

ዛሬም በእኛ አገር ነጠላ ከሸማኔ በመጣበት ዕለት ይቋጫል፤ የተኳረፈችም ብትኖር ትጠራለች። ያን ጠርዝ ግን ማንም አይነካውም። ልጆች «ይቺስ መቼ ትቋጫለች?» ሲሉን፣ ቋጪዋ አርፍዳለች እንላቸዋለን።