የአህያው አሉም

አንድ ጊዜ ዝናብ ጠፍቶ ወንዙ ሁሉ ደረቀና በጫካው ውስጥ አንዲት ኩሬ ብቻ ቀረች። ውሃዋ ጭቃ ነበር። አንበሳው ከእሷ ጠጥቶ ሦስት ቀን ሆዱን ሲቆርጠው ሰነበተ። በአራተኛው ቀን እንስሳቱን ሰበሰባቸው።

«ፀሐይ ሳትጠልቅ ንጹህ ውሃ ካልጠጣሁ የአንዳችሁን ደም እጠጣለሁ!» አለ።

ጅቡ ወዲያው ወደ አህያው ዞረ። «ጌታዬ፣ ከሁሉም የአህያ ይሻልዎታል። ሥጋው እንዳይባክን እኔ አለሁ።»

አህያው ድሮ የአንድ ቆዳ አልፊ ጭነት ይሸከም ነበር። ከዚያ ቤት ሲጠፋ ጀርባው ላይ በቀረው ስልቻ ውስጥ አንድ ቅልና ጡጫ የሚያህል አሉም ነበሩ። ሰውዬው በዚያ ነጭ ድንጋይ ቆዳ ያለፋበታል፤ ሲላጭ ከቆረጠው ደሙን ያቆምበታል፤ የደፈረሰ ውሃም ያጠራበታል። አህያው ይህን ብዙ ጊዜ አይቷል። ግን የሚጨምረው ምን ያህል ነበር? ባቄላ የምታህል? ወይስ ሽምብራ?

«እ... እኔ ልሞክር» አለ አህያው።

«ሙሉውን ኩሬው ውስጥ ወርውረውና እንገላገል!» አለች ቀበሮ።

«አይሆንም፣ እመት ቀበሮ። ከበዛ ውሃው ይበላሻል። መጀመሪያ በአንድ ቅል ልየው።»

ባቄላ የምታህል ስባሪ በሰኮናው ፈልጦ ከኩሬው በሞላው ቅል ውስጥ ጨመረ። እንጨት በጥርሱ ይዞ ቀስ እያለ አማሰለው። ውሃው ግን አልጠራም፤ ጭቃው እንደ እርጎ ተቋጠረ።

«ጭራሽ አባስከው እኮ!» ብሎ አንበሳው አጉረመረመ።

«ጌታዬ፣ ቅሉ እንዳይነካ። ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እስከ መቼ?»

አህያው አላወቀም። የዛፎቹ ጥላ እየረዘመ ነው። የአንበሳው ጭራ መሬቱን ጧ፣ ጧ ሲያደርግ ይሰማል። አህያው ዓይኑን ከቅሉ አልነቀለም።

ሁሉም ቅሉን ሲያዩ ጅቡ ስልቻውን አሸተተ። «ይሄ ስስታም! አሞሌ ጨው ደብቆብናል ለካ!» ብሎ በሆዱ፣ የቀረውን ድንጋይ ቆረጣጥሞ ዋጠው።

ፀሐይ ተራራው ጫፍ ስትደርስ ጭቃው ከቅሉ ሥር ዘቀጠ፤ ውሃው ጠራ። አንበሳው ጠጣና ከንፈሩን ላሰ። «ጨምር!»

አህያው ስልቻውን ሲከፍት ባዶ ነው። «ጌታዬ... የለም።»

«የለም?» የአንበሳው ጥፍር አንገቱ ላይ አረፈ። አህያው ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ ቀበሮ ወደ ጎን አየችና «አያ ጅቦ፣ ምነው ዝም አልክ? ስለ ሥጋው አታወራልንም?» አለች።

ጅቡ ሊመልስ ሞከረ። አፉ ግን በድንጋዩ ተኮማትሮ እንደ ታሰረ ከረጢት ሆኗል፤ ከንፈሩ ነጭ ዱቄት ለብሷል። «ኡም... ኡም...»

ጥፍሩ ከአህያው አንገት ተነሣ። አንበሳው የጅቡን ሆድ እያየ «ድንጋዬ ያለበትን አገኘሁት» አለ ቀስ ብሎ።

ጅቡ ሮጠ፤ አንበሳው ተከተለው። አህያው ከቁጥቋጦው ማዶ የሚመጣውን ድምፅ ላለመስማት ሁለት ጆሮዎቹን አጥፎ ቆመ።

ከዚህ የምንማረው፣ የአንድን ነገር ጥቅምና ልክ የሚያውቅ እየፈራም ቢሆን ሲተርፍ፣ ምንነቱን ሳይጠይቅ የሚጎርስ ግን በጎረሰው እንደሚጠፋ ነው።