የሚጠበቀው ወንድም

ተረት ተረት፣ የመስታወት ቤት! የጨው ውሃ በተሞላ የመስታወት ሣጥን ውስጥ የቢጫው ዓሣ ሚስት ጨቅላ ልጅ ጥላ ሞተች። ጎረቤቱ ሁሉ ከድንጋዩ ሥር ለቅሶ ተቀመጠ።

ሬሳ በልቶ የሚያድረው ሸርጣን ቀረብ ብሎ፣ «ውሃው ሳይበላሽ ላንሣት» አለ።

«ወግድ፣ ሆዳም!» አለው ወግ አጥባቂው ቀንድ አውጣ። «ወንድሟ ከባሕር ሳይደርስ ማን አባቱ ነው የሚያነሣት?»

ከባሕር ወደዚያ ሣጥን መንገድ የለም፤ ቢሆንም ወግ ነውና ተጠበቀ። ወንድም አልመጣም፣ ውሃው ግን ደፈረሰ። ለቀስተኛው የሟችን ደግነት እያነሣ ሲያለቅስ፣ ጨቅላው አየር አጥሮት አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር።

አባት ልጁን አየ፤ ሚስቱንም አየ። ከዚያ ሸርጣን ዘንድ ሄዶ፣ «ጋሼ፣ ና ብላልኝ» አለው።

«አይዞህ ወንድሜ» አለ ሸርጣን። «አንተ ብቻ ፊትህን አዙር።»

አባት ልጁን አቅፎ ወደ መስታወቱ ዞረ።

ውሃው እየጠራ ሄደ፤ ጨቅላውም ነፍስ ዘራ። ቀንድ አውጣ ንጹሑን ውሃ በረጅሙ ሳበና ወደ ለቀስተኛው ዞሮ፣ «አያችሁት ይህን ጨካኝ?» አለ። «አሁን ወንድሟ ሲመጣ በምን ዓይናችን እናየዋለን?»