ለቅሶ የማይቀረው ደራሲ

አሳታሚ የሌለው፣ መጽሐፉን ራሱ አሳትሞ ራሱ እያዞረ የሚሸጥ አንድ ደራሲ ነበር። ይህ ሰው ለቅሶ አይቀርም። ሟቹን ቢያውቀውም ባያውቀውም ድንኳኑ ጥግ ይቀመጥና ለቀስተኛው የሚያወራውን ጆሮውን ጣል አድርጎ ይሰማል። መቼም ድንኳን ውስጥ ክፉ ሟች የለም፤ ሰፈር ሲያምስ የኖረው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ደግ፣ ተጫዋች፣ ለሰው አሳቢ ይሆናል። ደራሲው ቤቱ ገብቶ የልብ ወለዱን ሰዎች የሚሠራው ከዚያ ወሬ ነው።

ይህን የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ይርዳው ሰሙ። ሹመቱን ካገኙ ወዲህ ሰላምታ እንኳ በቀጠሮ የሚቀበሉ ሰው ናቸው። በእድሩ ስብሰባ ላይ ደራሲውን አስነሡት።

«አንተ! ለቅሷችን ላይ ወሬ ትለቅማለህ አሉ። ከዛሬ ጀምሮ ድንኳናችን አጠገብ ዝር እንዳትል! መምጣት ከፈለግህ የሚቀጥለውን መጽሐፍህን ስለ እኔ ጻፍ። ደግነቴ፣ ለጋስነቴ፣ አንድም ሳይቀር ይግባ!»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ደራሲው ከድንኳኑ ከታገደ መጻፉም አበቃለት።

«ደስ ይለኛል ጋሼ» አለ። «እንዲያውም ጀምሬው ነበር። ስለ ደግነትዎ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው ያቆምኩት።»

«እንዴት ይታጣል? ይኸው ጎረቤቶቼ በሙሉ እዚህ ተቀምጠው የለም እንዴ? ለምን አትጠይቃቸውም?»

«አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው እኮ ጋሼ። ሁሉም ‹ምን አስቸኮለህ፣ መጀመሪያ የሳቸው ድንኳን ይተከልና እንነግርሃለን› አሉኝ።»