የሦስት ሌሊት ትንፋሽ

በአንድ ወቅት፣ የመብራት ምሰሶ ባልደረሰበት የወሎ ቀበሌ፣ አስናቀ የሚባል ገበሬ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ይርዳው ከከተማ መጥቶ ቀበረው። አላለቀሰም። «እንባው የት ገባ?» ተባባሉ ለቀስተኞች። እሱም አያውቅም፤ ውስጡ ደንዝዟል።

ይርዳው ሕመም አለበት። እንቅልፍ ሲወስደው ጉሮሮው ይዘጋና ትንፋሹ ቀጥ ይላል። አየር የሚገፋ ማሽን ተሰጥቶት፣ ጭምብሉን አፍንጫው ላይ አስሮ ነው የሚተኛው። «ያለ እሱ አንድ ሌሊት እንዳታድር፤ ልብህ አይችልም» ብለውታል ሐኪሞቹ። ማሽኑ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ታዲያ ወደ ቤቱ አይሄድም ወይ ትሉኛላችሁ። ሠልስት ሳይወጣ ወንድሙን ጥሎ የሚሄድ ማን አለ! ሦስት ሌሊት ማደር ግድ ሆነበት።

በመጀመሪያው ሌሊት ሙሄ ደረሰለት። ሙሄ ቲማቲም በፒካፕ ጭኖ ወደ ገበያ ሲያልፍ ለቅሶ ሊደርስ የቆመ ሹፌር ነው። «ምን ችግር አለ ጋሼ! የመኪናው ባትሪ አለ አይደል?» አለና ገመዱን ሰካለት። ይርዳው እስኪነጋ ተኛ። ግን ሐዘን አፍዝዞት አየሩን የሚያረጥበውን የማሽኑን ውሃ ማሞቂያ ሳያጠፋ ኖሯል፤ ማሞቂያው ባትሪውን ምጥጥ አድርጎ ጨረሰው። ጠዋት መኪናው አልነሳ አለ። ሰው ተሰብስቦ ቢገፋውም እምቢ አለ። ሌላ ባትሪ እስኪመጣ ቀናት ስለሚፈጅ ቲማቲሙ እንደተጫነ ፈረሰ።

«እንዲህ እንደሚሆን ባውቅ እሰጥዎ ነበር? እኔንጃ ጋሼ» አለ ሙሄ። አይዋሽም፣ ይህን እኔም አልነፍገውም።

በሁለተኛው ሌሊት የሟቹ ጎረቤት ሸጋው መጣ። ሸጋው በሶላር ባትሪ የሚሠራ የጫጩት መፈልፈያ አለው፤ ውስጡ ስልሳ እንቁላል፣ ሊፈለፈል አራት ቀን የቀረው። ባትሪውን ከነቀለ እንቁላሉ እንደሚበርድ ያውቃል። ሚስቱ «አብደሃል እንዴ?» አለችው። ነቅሎ አመጣው። ይርዳው በዚህኛው ሌሊት ማሞቂያውን አጠፋ። ይሁንና ቀኑን ሙሉ ደመና ስለነበር ባትሪው አልሞላም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ማሽኑ ዝም አለ። ይርዳው እየታነቀ ብንን ብሎ ተነሳና ቁጭ ብሎ አነጋ። ጫጩቶቹም እዚያው እንቁላላቸው ውስጥ ሞቱ።

በሦስተኛው ሌሊት፣ ደመናው ስላልተገፈፈ፣ የሞላ ባትሪ የሚባል ነገር ጠፋ። ይርዳው «ዛሬም ቁጭ ብዬ አድራለሁ» አለ፤ ዓይኑ ግን አልታዘዝ አለው። የሟች ሚስት ዝናሽ መጥታ ራስጌው ተቀመጠች። ትንፋሹ ቀጥ ባለ ቁጥር ትከሻውን እየነቀነቀች ትጠራዋለች።

«ጋሽ ይርዳው!»

«አቤት።»

ይተነፍሳል፣ መልሶ ይተኛል። ከዶሮ ጩኸት በኋላ ድካም አሸነፋትና «አስናቀ!» አለች።

«አቤት» አለ ይርዳው።

ሁለቱም ሰምተውታል። ማናቸውም አላረሙትም። እስኪነጋ ድረስ በሟቹ ስም ስትጠራው፣ እሱም አቤት ሲል አደሩ።

ጠዋት ሊያመሰግናት ቢል አልተቀበለችውም። «ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለችው። «እሱ ሲሞት አጠገቡ ሆኜ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።»

ሠልስት ወጣ። ሽማግሌዎቹ ከአባታቸው የቀረችውን፣ የሁለቱ ወንድማማቾች የነበረችውን በቅሎ አምጥተው ለይርዳው አስረከቡት። ከተማ ውስጥ በቅሎ ምን ታደርግለታለች? «ትንፋሼን ላቆየልኝ ሰው ሰጥቻለሁ» ብሎ አፉ አመለጠው። ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር አይታጠፍም።

ሦስቱም አሉ። ለእኔ ይገባኛል ያለ የለም። ሙሄ መሬት መሬት ያያል፣ ሸጋው ከሚስቱ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ ዝናሽ ማንንም አታይም። ይርዳው ገመዱን ይዞ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ያያል፤ ምንም አይሰማውም።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ምን እንደሚያጣ ሳያውቅ ሙሉ ሌሊት የሰጠው ሙሄ ነው? እያወቀ ሰጥቶ ባትሪው ግማሽ ሌሊት ብቻ የቆየለት ሸጋው ነው? ወይስ ባሏን ስትጠራ ይርዳውን ያቆየችው ዝናሽ ናት? በቅሎዋ ለማን ትገባለች?