አንድ መደርደሪያ፣ ሁለት ማይክሮዌቭ፣ ሦስት ልጆች

በአንድ ወቅት፣ እኔ በምኖርበት የደብረ ብርሃን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ ሴት ይኖሩ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አልጠቅስም፤ እሳሳታለሁ ብዬ እፈራለሁ። አንዳንዱን በዓይኔ ያየሁት ነው፤ አንዳንዱን ደግሞ ከራሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ። ቀንና ቀን ቢምታታብኝ ይቅር በሉኝ። ዋናው ነገር ግን አልጠፋብኝም።

ወይዘሮ አጸደ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነበሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ፊት አይለዩም፤ ሰውን የሚያውቁት በእርምጃው ነበር። አንድ ጊዜ የጋዝ ምድጃው እሳት የነጠላቸውን ጫፍ ስለያዘው ልጆቻቸው ምድጃውን አንሥተው ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች ወጥ ትሠራና በየሳህኑ ከፍላ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጥላቸዋለች። እሳቸው የሚያሞቁት በማይክሮዌቭ ነው። ማይክሮዌቩ አሮጌ ነበር፤ ያለው ሁለት ክብ ማዞሪያ ብቻ። ማዞሪያውን እስከ ጥጉ ወደ ግራ ይመልሱና በአውራ ጣታቸው ልክ ወደ ቀኝ ይገፉታል። «ለሽሮ ሦስት አቡነ ዘበሰማያት ነው» ይሉ ነበር። እውነትም ሦስተኛውን ሲጨርሱ ደወሉ ትን ይላል።

በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ይመስለኛል፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ። እኔ መብራት ሲሄድ ዕቃዬን ሁሉ ነቅዬ ነው የምቀመጠው። የእሳቸው ግን ጧ ብሎ የተቃጠለ ሽታ ሸተተ። ሠሪ ተጠርቶ መጣና ከፈተው። «እናቴ፣ ይሄ ዕድሜውን ጨርሷል» ብሎ መልሶ ዘጋው።

የደብረ ብርሃንን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እዚያ አገር ከፍሪጅ የወጣ ወጥ ጥርስ ያስለቅሳል።

ወይዘሮ አጸደ ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ እታገኘሁ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። መካከለኛው ደምሰው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ ነው። ትንሹ ሳህሉ እዚያው ከተማ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነው። በዚያ እሑድ ሦስቱም መጡ። እኔም በጎረቤትነት ተጠርቼ ተቀምጬ ነበር።

«እማዬ፣ በቃ እኔ ጋ ነይ» አለች እታገኘሁ። «ምግብ ማሞቅ ካልተቻለሽ እንዴት ብቻሽን ትሆኛለሽ?»

«ሰው ቤት ሄጄ በሩን እየዳበስኩ ልኑር?»

«የኔ ቤት ነው የሰው ቤት?»

«ልጄ፣ የዚህን ቤት ግድግዳ እጄ ያውቀዋል። እዚያ ስሄድ ዕቃ ነኝ፤ የሚያነሡኝና የሚያስቀምጡኝ ሌሎች ናቸው።»

ክርክሩ ሲበዛ ወይዘሮ አጸደ እጃቸውን አነሡ። «ስሙኝ። እስከ ፋሲካ ጊዜ ስጡኝ። ምሳዬ እንዲሞቅ ያደረገ ልጅ የቤቴን ትርፍ ቁልፍ ይይዛል። ከዚያ በኋላ ‹ትኑር› ወይም ‹ትሂድ› የሚለው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ዝም ይላል። እስከ ፋሲካ ካልሞቀልኝ እኔው ራሴ ሻንጣዬን አስራለሁ። አቶ ባዩ፣ ምስክር ይሁኑኝ።»

እኔም እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ባልል ይሻለኝ ነበር።

እታገኘሁ ቀደመች። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዲስ ማይክሮዌቭ ይዛ መጣች፤ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። መደርደሪያው አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚይዘው፤ አሮጌው ወጣና እሱ ገባ። ችግሩ ማዞሪያ የለውም። ፊቱ ልሙጥ ሆኖ መጫኛዎቹ ሥዕል ብቻ ናቸው። አንድ ጊዜ አሳየቻቸውና «ገባሽ እማዬ?» አለች። «ገባኝ» አሉ። እሷም በማታው መኪና ተመለሰች። በማግሥቱ ወይዘሮ አጸደ ፊቱን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። አንዱን ሲነኩት ጮኸ፤ ሌላውን ሲነኩት ዝም አለ። ትተውት ወጡ።

ደምሰው ዘገየ፤ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። «እማዬ የምታውቀው ማዞሪያውን ነው» ብሎ መኪናውን ባቆመበት ከተማ ሁሉ ያንኑ ዓይነት አሮጌ ማይክሮዌቭ ሲጠይቅ ከረመ። የዚያ ዓይነት አዲስ ከገበያ ጠፍቷል። በመጨረሻ ኮምቦልቻ ውስጥ ንግድ ቤቱን ሊዘጋ ከነበረ ሰው ልክ ያንኑ አገኘና ጋቢናው ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎ አመጣው። ወይዘሮ አጸደ ማዞሪያውን ሲይዙ ፊታቸው በራ። በሩን ሲከፍቱ ግን አፍንጫቸውን ያዙ።

«ከየት ነው ያመጣኸው?»

«ከአንድ ምግብ ቤት።»

«ምን ምግብ ቤት?»

ደምሰው ራሱን አከከ። «ጥብስ ነው የሚሸጡት... እ... ሥጋ ቤትም አላቸው።»

«በጾም! አንተ ልጅ፣ ሰው ዕቃ ሲገዛ ዋጋ ይጠይቃል፤ ምን ሲሞቅበት እንደኖረ አትጠይቅም?»

ያ ማይክሮዌቭ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጠ። እንግዲህ የሚችሉትን አይፈልጉትም፤ የሚፈልጉትን አይችሉትም። እታገኘሁ ስትደውል «አዎ፣ በደንብ ይሞቃል» ይሏታል። ደምሰው ሲደውል «እስከ ፋሲካ በእህትህ ዕቃ አሞቃለሁ» ይሉታል። እኔም ደረጃ ላይ ሳገኛቸው «እኔ ቤት ላሙቅልዎት?» ስላቸው «ምን ሆኜ!» ይሉኛል። ዘጠኝ ቀን ይሁን ዐሥር፣ ቀዝቃዛ በሉ።

ይህን ያወቀ ሳህሉ ነው። እሱ ማይክሮዌቭ አላመጣም፤ መግዣም አልነበረውም። አንድ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እናቱ ጾም ሲፈቱ፣ የሰፋላቸውን ቀሚስ ይዞ ገባ። ሳህኑን ነካው። ሽሮው እንደ ጭቃ ረግቷል።

«እማዬ፣ ይሄ በረዶ ነው እኮ።»

«ዝም በል! በአባትህ አጥንት ይዤሃለሁ፣ ለእህትህ እንዳትናገር። ከሰማች ዛሬውኑ ትወስደኛለች።»

ሳህሉ ማለ። ከማግሥቱ ጀምሮ ሱቁን በስምንት ሰዓት ተኩል እየዘጋ፣ ሚስቱ የሠራችውን ወጥ በብርድ ልብስ ቁራጭ ጠቅልሎ፣ ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ እያመጣ እናቱን ትኩስ አበላ። ደንበኛ ሱቁን ተዘግቶ እያገኘው ወደ ሌላ ሰፊ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግን ለእህቱም ለወንድሙም ደውሎ ሁሉንም ነገራቸው።

ወይዘሮ አጸደ ይህን ሲሰሙ ሁለት ቀን አላናገሩትም። ያመጣውን ግን በሉ።

እታገኘሁ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ መጣች። ሻንጣ ልታስር ነው ብዬ ሰግቼ ነበር፤ አላሰረችም። ከጓዳ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ አነሣችና በማስቲሽ መጫኛዎቹ ላይ ለጠፈቻቸው። ምስሩ ግማሽ ደቂቃ ነው፤ አራቴ ሲጫኑት ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ሽምብራው ማስነሻ፣ ባቄላው ማቆሚያ። ስምንት ቀን ሙሉ የእናቷን ጣት ይዛ አስተማረች። በዘጠነኛው ቀን ወይዘሮ አጸደ ብቻቸውን ገብተው ትኩስ ምስር ወጥ ይዘው ወጡ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ያ ማይክሮዌቭ ሰዓቱ ካልተሞላ አይሠራም። እሱን ዓይን ያለው ሰው መጥቶ መሙላት አለበት።

ደምሰውም መጣ። የራሱን ማይክሮዌቭ በሎሚና በሳሙና አምስት ጊዜ አጠበው፤ በሩን ከፍቶ ፀሐይ ላይ አዋለው። ከዚያ የእናቱን የንስሐ አባት ይዞ መጣ።

«ታጥቧል፤ ዕቃ ኃጢአት የለበትም» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ አሽትተውታል?» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

«እኔ እንኳ ጉንፋን ይዞኛል።»

ሁላችንም ሳቅን። ወይዘሮ አጸደም ሳቁ፤ ነገር ግን «ለፋሲካ አሞቅበታለሁ፤ ለጾም ሆዴ እሺ አይለኝም» አሉ። ማዞሪያውን ግን ከእጃቸው አላራቁትም ነበር።

በሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ሁሉም ተሰበሰቡ። እኔንም ምስክር ነዎት ብለው ጠሩኝ። ሳህሉ መጨረሻ ላይ ገባ።

«መጣህ ሰላዩ?» አሉት እናቱ፤ ግን ጎናቸው አስቀመጡት።

እታገኘሁ ጀመረች። «ዛሬ ምሳውን ማን አሞቀው? እማዬ በገዛ እጇ፣ እኔ ባመጣሁት ዕቃ። ጾሙ ሳያልቅ።»

«በምስርና በሽምብራ!» አለ ደምሰው። «ትንሽ ጎመን ጨምሪበት፣ በያይነቱ ይሆንልሻል።»

«ያንተ ደግሞ ጥብስ ሸቶት ውሾች ደረጃው ላይ አድረዋል።»

«ውሾቹ ያልፋሉ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ግን የማንንም እርዳታ የማይፈልገው የኔ ነው። ብቻዋን ትኑር ከተባለ ብቻዋን የምትችለው እሱን ነው። ፋሲካ ደግሞ ሳምንት ነው የቀረው።»

ሳህሉ መሬት መሬት እያየ ተናገረ። «እኔ ዕቃ የለኝም። ግን ባልናገር ኖሮ ሁለቱም ማይክሮዌቭ ድንጋይ ሆነው ይቀሩ ነበር። እስክትመጡ ድረስም ወጡ ሞቋል።»

«በአባትህ አጥንት ምለህ!» አሉ ወይዘሮ አጸደ።

«ምዬ ነው እማዬ። አፈረስኩት። አንቺ ቀዝቃዛ እየበላሽ መሐላ ልጠብቅ?»

ከዚያ ወይዘሮ አጸደ አንድ በአንድ ጠየቁ። «ቁልፉን ብሰጥሽ፣ እታገኘሁ?»

«አልዋሽሽም። ይሄ ማይክሮዌቭ እስከሠራ ትኖሪያለሽ። አንድ ቀን ዳግም ቀዝቃዛ በልተሽ ከደበቅሽኝ ግን እወስድሻለሁ።»

«አንተስ ደምሰው?»

«ከዚህ ቤት ማንም አያነቃንቅሽም። ግን ስትጠሪኝ መንገድ ላይ እሆናለሁ፤ እሱን ከአሁኑ ልንገርሽ።»

«ሳህሉ?»

«በየቀኑ እመጣለሁ። ካስፈለገም መልሼ እናገርብሻለሁ።»

ወይዘሮ አጸደ ከመቀነታቸው ቋጠሮ ቁልፉን አወጡና እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው አዞሩት። ወደ እኔ ዞረው «አቶ ባዩ፣ ምን ይላሉ?» አሉኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ የሰው ቤት መፍረስም ያስፈራኛል። «ፋሲካን እናሳልፍ» አልኩ። እሳቸውም ቁልፉን መልሰው ቋጠሩት።

በሰሞነ ሕማማት ሰኞ እኔ ለጉልበቴ ሕክምና ልጄ ጋ ሐዋሳ ሄድኩ። እስካሁንም አልተመለስኩም። ወሬ የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዳግማ ትንሣኤ እሑድ ጎረቤቴ ደውሎልኝ። በነገረኝ መሠረት የፋሲካ ዕለት ዶሮው በደምሰው ማይክሮዌቭ ሞቆ ተበላ። ረቡዕ ደግሞ፣ በበዓለ ሃምሳ ጾም ባይኖርም «ረቡዕ ነው፤ ሆዴ እሺ አይለኝም» ብለው፣ የእታገኘሁን መደርደሪያው ላይ አስመልሰዋል። ሳህሉ እንደ ልማዱ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል። ሦስቱም ማታ ማታ ይደውሉና «ወሰንሽ እማዬ?» ይላሉ። እሳቸውም «አቶ ባዩ ይምጡ» ይላሉ አሉ።

ከዚያች እሑድ ወዲህ ምንም አልሰማሁም። ወደ ቤቴ መመለስ እፈልጋለሁ፤ በባዶ አፌ መግባት ግን አልቻልኩም። ስለዚህ እናንተን እጠይቃለሁ፦ ፈቃዷን ሰውታ የእናቷን ጣት ያስተማረችው፣ የእናቱን እጅ አውቆ ከተማ ለከተማ የፈለገው፣ ወይስ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ መሐላውን ያፈረሰው፣ ቁልፉ የሚገባው ለማን ነው?